የጀርሞቹ እናትና ንጹሑ ውሃ

የላቦራቶሪ ባልደረቦቿ «የጀርሞቹ እናት» ይሏታል፤ እሷም አትቀየምም። ሌላው ሰው በሳሙና የሚያባርረውን ባክቴሪያ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትቀልብ ኖራለች፤ ምን ታድርግ፣ ትወደዋለች! አብልጣ የምትሳሳው ደግሞ አየር በማይገባበት ጠርሙስ ለሚያድጉት፣ ቢ12 የተባለውን ቪታሚን ራሳቸው ለሚሠሩት ነው።

ታዲያ እነዚህ ልጆቿ በድንገት ማደግ አቆሙ። ምግባቸው አንድ ዓይነት አልኮል ነው፤ አልኮሉ ጠርሙሱን ሞልቶት ጦማቸውን ያድራሉ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ትዕግሥቱ አለቀ። «እስከ ዓርብ ካላደጉ ይደፋሉ፤ ቦታው ለሌላ ሥራ ይፈለጋል» አላት።

ቤት ገብታ ለታላቅ እህቷ አማረረች። «ምን ጎደለባቸው፣ እታለም? ዕቃቸውን በአሲድ አጥባለሁ። ውሃቸው እንኳ ለምኜ ባስገዛሁት አዲስ ማጣሪያ ነው የሚያልፈው።»

እህቷ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የጋገረውን ነጭ ቅርፊት እየፋቀች ነበር። «እኔንስ ማን በሰማኝ! ይኸው፣ የቧንቧ ውሃ ያመጣብኝን ጉድ እይ።»

የጀርሞቹ እናት ክው አለች፤ የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለበት፣ አዲሱ ማጣሪያ ግን ያስቀረዋል። የቢ12 እምብርቱ ኮባልት የተባለ ማዕድን ነው። ኮባልት ከሌለ ቪታሚኑ አይሠራም፤ ቪታሚኑ ከሌለ ደግሞ አልኮሉን የሚፈጨው ኤንዛይም እጁ እንደታሰረ ሰው ነው። እሷ ኮባልት ጨምራላቸው አታውቅም፤ ለካ ያቺን ቅንጣት ሲያቀብላቸው የኖረው የቧንቧው ውሃ ነው! በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ።

በማግስቱ ከጥበቃው እኩል ደረሰች። በንጹሑ ውሃ ሁለት ጠርሙስ አዘጋጅታ፣ በአንዱ ኮባልት የሟሟበትን ሮዝ ውሃ ጠብ አደረገች። ሌላውን እንዳለ ተወችው።

ዓርብ ጠዋት ኮባልት ያገኘው ጠርሙስ ደፍርሶ ጠበቃት፤ ሌላው እንደጠራ ነው። ሌላ ሰው ውሃ ሲደፈርስ ይከፋዋል፤ እሷ ግን ልጆቿ መብዛታቸው ነውና እግሯ መሬት አልነካ አለ። ኃላፊውን ከወንበሩ ጎትታ አመጣችው።

ጠርሙሶቹን ወደ ብርሃን አንስቶ አያቸውና ሳቀ። «ይህን ሁሉ ዓመት ኮባልት ሲበሉ አላወቅንም ማለት ነው?»

«ማጣሪያው ባያስርባቸው መች እናውቅ ነበር!»

«በይ፣ አይደፉም። የተራበውን ግን እስከ ማታ እንዳትነኪው፤ ማነጻጸሪያችን ነው።»

እሺ አለች። ቀኑን ሙሉ ግን ዓይኗ ከዚያ ጠርሙስ አልተነቀለም። ኃላፊው ሊወጣ ኮቱን ሲያነሳ ሮዙን ውሃ ይዛ ቆማ አገኛት።

«ገና አልመሸም እኮ» አላት።

«እናት ማለት ስሜ ብቻ መስሎዎት ነው?»

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። ከዚያ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ እንዳላየ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረላት።