ፍሬን የሌለው ተሳቢ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም፣ ለቄስም አልነገርሁም። በየዓመቱ በአስተሰርዮ፣ በኃጢአት ማስተሰረያ ጾማችን፣ ዋዜማ ሰው ሁሉ ይቅር ለመባባል በር ለበር ሲዞር እኔም እዞራለሁ። «ካወቅሁትም ካላወቅሁትም ይቅር በሉኝ» እላለሁ። ያወቅሁትን ግን አንድ ቀን እንኳ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። አሁን ስጽፈውም እፈራለሁ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ምን ያስፈራዋል ትሉ ይሆናል። እኔን ያስፈራኛል። እስከ ዛሬ ድረስ መንገድ ላይ ከኋላዬ የተሳቢ ሰንሰለት ሲንቋቋ ከሰማሁ ግድግዳ ጥግ እቆማለሁ።

አዲስ አበባ ቆይተው የነበሩት ወገኖቻችን በአውሮፕላን ወደዚህ አገር ከገቡ ሁለት ክረምት ያህል አልፎ ነበር። እኔ ከዚያ በፊት በሱዳን በኩል የመጣሁ ነኝ፤ ዕብራይስጡን ለምጃለሁ። ቂርያት ጋት ከተማ በእኛ ሕንፃ ለሚኖሩት ትልልቅ ሰዎች ሁሉ አፋቸው እኔ ነበርሁ። ሐኪም ቤት ፈንታሁን፣ ቢሮ ፈንታሁን፣ ልጅ ትምህርት ቤት ተጣልቶ ወላጅ ሲጠራ ፈንታሁን። ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ? ሽማግሌው ሁሉ በእኔ አፍ ሲናገር እኔም ትልቅ ሰው የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

ከእነዚያ ሰዎች አንዱ አያ መኳንንት ናቸው። የአባቴ የሩቅ ዘመድ ሲሆኑ፣ ጎንደር ሳሉ አራሽ ነበሩ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የነገሯቸውን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው የሚቀበሉ ሰው ናቸው። እኔ፣ እሳቸውና ልጃቸው ባይሌ ከከተማው በስተ ምሥራቅ ባለው የጥድ ደን ውስጥ ዛፍ እየቆረጥን ደኑን እናሳሳ ነበር። ባይሌ ለሠራዊት ተጠርቶ የሚገባበትን ቀን የሚጠብቅ ልጅ ነው። እናቱ እትዬ ጠጀ የምትፈራው ሠራዊቱን ነበር።

አንድ ቀን ቃብላኑ፣ ማለት ሥራውን ተኮናትሮ የሚያሠራን ሰው፣ የራሱ መኪናና ተሳቢ ያለው ሰው ቢገኝ የቅርንጫፍ መፍጫውን ማሽን እየጎተተ የራሱን ቡድን ይዞ ሊሠራ ይችላል አለን። አያ መኳንንት መንጃ ፈቃዱን ወድቀው ተነሥተው በዚያው ሰሞን አውጥተዋል። ፊታቸው በራ። «በል ፈንቴ፣ አንተ ምረጥልኝ» አሉኝ። አንተ ምረጥልኝ ነው ያሉኝ።

በኢንዱስትሪ ቀጠናው ጫፍ ያገለገለ መኪና ከሚሸጥበት ግቢ ወሰድኋቸው። ሻጩ ድምፁ ጎርናና፣ ከሞሮኮ የመጣ ሰው ነው። ሁለት ነገር አሳየን። አንደኛው ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ ቫን ነው፤ ወንበሩ ከፊት ብቻ፣ ሞተሩ ግን ትልቅ፤ አብሮት የሚሄደው ተሳቢ ዝገት ቢበላውም አራት ጎማና የራሱ ፍሬን አለው። ሁለተኛው ነጭ ቫን ነው። ሦስት ረድፍ ወንበር፣ በመስኮቱ ላይ መጋረጃ ሁሉ አለው፤ ተሳቢው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ባለ ሁለት ጎማ።

ልቤ ነጩ ላይ ቀረ። ለምን መሰላችሁ? ለለቅሶ። ብትስቁብኝም ልክ ናችሁ። ሰዋችን በየከተማው ተበትኖ፣ አንዱ አፉላ ሲሞት አንዱ ናታንያ ሲሞት፣ አሮጊቶቹን ይዘን አውቶቡስ ስንቀያይር ቀብር እያመለጠን ተሳቅቀናል። ለቅሶ መቅረት ደግሞ በእኛ ዘንድ ከነውርም ነውር ነው። ያንን ነጭ ቫን ሳይ ደን አልታየኝም፣ ማሽን አልታየኝም። የታየኝ እናቴና እትዬ ጠጀ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ ተቀምጠው፣ እኔ ከፊት ሆኜ፣ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ስንደርስ ሰው ዞር ብሎ ሲያየን ነው። የጫካ ማሽን የሚጎትት መኪና በለቀስተኛ ወንበር የመረጥሁ ሰው እኔ ነኝ።

አያ መኳንንት ግን ወንበሩን አላዩትም። ዞረው ወደ ተሳቢው ሄዱ፣ በእጃቸው ነቀነቁት። «እስቲ ጠይቅልኝ» አሉ። «አገር ቤት አህያ ጭነን ቁልቁለት ስንወርድ አንድ ሰው ከኋላ ጅራቷን ይይዛል፤ አለዚያ ጭነቱ ገፍቶ ይደፋታል። ይህን ጋሪ ቁልቁለት ላይ ማን ይይዘዋል?»

ጠየቅሁት። ሻጩ ፊቱን ኮስተር አደረገ። ማንም አይይዘውም አለ፤ ይህ ተሳቢ ፍሬን የለውም፣ ቫኗም ለሰው እንጂ ለዚያ ክብደት አልተሠራችም፤ ለመፍጫ ማሽን ከሆነ አሮጌውን ውሰዱ አለ። ከዚያ ትከሻዬን ያዘኝና «ለሽማግሌው ንገረው» አለኝ። አልገባኝም እንዳልል ገብቶኛል። አልሰማሁም እንዳልል እጁ ትከሻዬ ላይ ነበር።

«ምን አለ?» አሉኝ አያ መኳንንት።

«ቫኗ ራሷ ትይዘዋለች አለ» አልሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እጃቸውን በቫኗ ላይ አድርገው «የደስታ ያድርግልን፣ ከክፉ ይጠብቀን» ብለው መረቁ። ሽማግሌ የመረቀውን ማን ያፈርሳል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ይህ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ከምርቃቱ በፊት መናገሪያ ጊዜ ነበረኝ፤ አልነገርሁም። ከምርቃቱ በኋላም አፍ ነበረኝ፤ አልነገርሁም።

በዚያች ቫን ለቅሶ ደረስን፣ ሠርግም ሄድን። አሮጊቶቹ መረቁኝ። ደኑ ውስጥም ሜዳ ሜዳውን ማሽኑን እየጎተትን ሰነበትን። አንድ ቀን ግን ትንሽ ዳገት ወጥተን ስንወርድ የሆነ ነገር ከኋላ ገፋን። ቫኗ ሳትፈልግ የምትሄድ መሰለች። አያ መኳንንት መሪውን ጨብጠው «ምንድን ነው የሚገፋን?» አሉ። «ድንጋይ ነው የመታን» አልሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት ገባኝ። ከፊት ስቀመጥ አንድ እጄ ከበሩ እጀታ አይለይም ነበር። እውነቱን እንዳልናገር አሁን ውሸቴ ሁለት ሆኗል። ሰው ልብሱን እንጂ ውሸቱን ቶሎ አያወልቅም።

ከዚያ ቃብላኑ ማሽኑን ከኮረብታው አናት አውርዳችሁ ከመንገዱ ዳር አድርሱልኝ አለ። መፍጫውን ተሳቢው ላይ ጭነን ተነሣን። ከቁልቁለቱ አፋፍ ስንደርስ አያ መኳንንት ቆሙ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከታች ይታጠፋል፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ገደል ነው። ቁልቁል ሲያዩት ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ ሰውዬ ትይዘዋለች ነበር ያለን፣ አይደል ፈንቴ?»

እግዚአብሔር እንደገና ጠየቀኝ ማለት ነው። በእሳቸው አፍ ጠየቀኝ።

«አዎ፣ ብሏል» አልሁ።

ከዚያ «መጋዜን እላይ ደኑ ውስጥ ረስቼው መጣሁ፤ እናንተ ቀጥሉ፣ እኔ በእግሬ እደርሳለሁ» አልሁ። መጋዜ ከወንበሬ ሥር ነበር። እንዳይታይ በተረከዜ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ወረድሁ። ባይሌ ከኋላ ሆኖ ሳቀና «እንግዲያው ቦታህን ወሰድሁብህ» ብሎ ወደ ፊት መጣ። ከእኔ ወንበር ተቀመጠ። በሩን የዘጋሁለት እኔ ነኝ።

ቆሜ አየኋቸው። መጀመሪያ ቀስ ብለው ነበር የሚወርዱት። ከዚያ የተሳቢው ሰንሰለት ድምፅ ፈጠነ፤ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ወደ ላይ መጣ። ተሳቢው ወደ ጎን ተወርውሮ ቫኗን እንደ ኮርማ ሲገፋት አየሁ። አልጮህሁም። ብጮህስ ምን ይፈይዳል ትሉኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ያልጮህሁት ስለማይፈይድ አይደለም፣ ስለማውቀው ነው። የማያውቅ ሰው ይጮህ ነበር። መታጠፊያው ጋ ከዛፎቹ ጀርባ ገቡ፤ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ምንም የለም።

ስደርስ ቫኗ በቀኝ ጎኗ ተኝታለች። በቀኝ፣ በእኔ ወንበር በኩል። አያ መኳንንት በመስኮት ወጥተው፣ ግንባራቸው እየደማ፣ መኪናውን ብቻቸውን በእጃቸው ሊያነሡ ይታገላሉ። «ያዝልኝ ፈንቴ፣ ያዝልኝ» ይሉኛል። ያዝሁ። ባይሌ ግን አልፏል።

ፖሊስ ከለቅሶው በኋላ ጠራን። ሌላ አስተርጓሚ አልነበረም፣ እኔው አስተረጎምሁ። ፖሊሱ ወደ እኔ ዞረና፣ ሻጩ ተሳቢው ፍሬን እንደሌለው ነግሬያቸዋለሁ ይላል፤ አንተ ለዚህ ሰው ነግረኸዋል? አለኝ። አያ መኳንንት አጠገቤ ናቸው፤ ዓይናቸው በለቅሶ አብጧል፤ ከዕብራይስጡ አንድ ቃል አይሰሙም። በዕብራይስጥ «አዎ፣ ነግሬዋለሁ» አልሁ። እሳቸውም እኔ ስናገር እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፖሊሱ ያንን ነቅነቅ አየና ጻፈ።

መንጃ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ተነግሮት እንቢ ብሎ ልጁን ፈጀ ተባሉ። እኔን ግን ሰው ሁሉ «እግዜር ነው ያወረደህ» አለኝ። እናቴ የምስጋና ዳቦ ጋገረች፣ ቄሱ ባረኩት፣ እኔም በላሁ። እግዜር ነው ያወረደኝ? እኔን ያወረደኝ የማውቀው ነገር ነው። እግዜር ቢሆን ልጁን ያወርደው ነበር።

አያ መኳንንት ወሬውን እንደሚሰሙ አውቅ ነበርና ቀኑን እየጠበቅሁ ከረምሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። በአስተሰርዮ ዋዜማ በሬን አንኳኩ። አለቀልኝ ብዬ ከፈትሁ። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ደጃፍ ቆሙ።

«ፈንቴ፣ ነግረኸኝ ነበር አሉ» አሉኝ። «እኔ አላስታውሰውም። ደስ ብሎኝ ስለነበር ሳልሰማህ ቀርቼ ይሆናል። ልጄን ገደልሁ፣ አንተንም ልገድልህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

ምን እንዳልሁ ልንገራችሁ? «ይቅር ብያለሁ» አልሁ። አዎ፣ እኔ ይቅር አልኋቸው። በየዓመቱ ይመጣሉ፣ በየዓመቱ ይቅር እላቸዋለሁ።

አሁን እኔ ካርሜ ጋት ከሚባለው አዲሱ ሰፈር ከልጄ ዘንድ ነኝ፤ እሳቸው ከዚያው ከድሮው ሕንፃ ናቸው። እትዬ ጠጀ ሞታለች፤ እሷም ልጇን ባሏ እንደገደለባት እያመነች ሞተች። ዘንድሮ መልእክት ልከውብኛል፦ እግሬ ደክሟል፣ መምጣት አልቻልሁም፤ ሳልሞት ይቅር እንድትለኝ አንተ ናልኝ ብለዋል። ዋዜማው ነገ ነው።

ፈራሁ። ከዚያ አፋፍ ላይ ከፈራሁት ይበልጥ ፈራሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የሞተው የእናንተ ልጅ አይደለም፤ ይቅርታውም በእናንተ እጅ የለም። ወጣት ነበርሁ አልልም፣ ይሉኝታ ይዞኝ ነው አልልም። የጻፍሁላችሁ ራሴን ስለማውቀው ነው። ነገም ደጃፋቸው ስደርስ እንደዚያን ጊዜ አንድ ነገር ረሳሁ ብዬ እመለስ ይሆናል። ከተመለስሁ፣ ከእናንተ አንዱ ገብቶ ይንገራቸው። የሚነገረው ረጅም አይደለም።

አያ መኳንንት፣ አልረሱም። አልነገርሁዎትም።