እናቴ ያሟሸችው ክዳን

አናጺነት የጀመርኩት በንዴት ነው። እዚህ ቡሬ አንድ አናጺ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሊሠራልኝ ተስማምቶ ስምንት ወር ሙሉ «ነገ ነይ» ሲለኝ ከረመ። አንድ ቀን ደሜ ፈላና ከእሱ ቤት ቀጥታ ወደ ሱቅ ሄጄ መጋዝ፣ መዶሻ፣ መላጊያና ሜትር ገዛሁ። ጓሮ ያለችውን የማገዶ ማስቀመጫ የቆርቆሮ ቤት ጠርጌ ወርክሾፕ አልኳት። መደርደሪያውን በሁለት ሳምንት ጨረስኩት። ዛሬም ቆሟል፤ ግድግዳው ባይደግፈው ኖሮ ግን መቆሙን እንጃ።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰሌዳ ላይ ዘጠና ዲግሪ ስስል ኖሬ፣ እንጨት ላይ ዘጠና ዲግሪ እስካሁን አልወጣልኝም። ሰማንያ ሰባት ወጥቶልኛል፤ ዘጠና ሦስትም ወጥቶልኛል። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቶቼ ሴት መጋዝ ስትስብ ለማየት በአጥር ላይ ይንጠራሩ ነበር፤ አሁን ለምደውኛል። የተሰበረ በርጩማ ይዘው ሲመጡ ያሳዝኑኛል፤ ጠግኜላቸው ይዘው ሲሄዱ ደግሞ የበለጠ ያሳዝኑኛል።

ታዲያ ክረምቱ እንደወጣ እናቴ ከገጠር መጣች። የምትኖረው ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዶባት ነበርና ፍኖተ ሰላም ወስጄ አንደኛውን አሠራሁላት፤ እሱም ገና በደንብ አልጠራላትም። ሁለተኛው ከወር በኋላ ይሠራል ተባለ። እስከዚያ እኔ ዘንድ ልትቆይ ተስማማን። ማለቴ እኔ ተስማማሁ፣ እሷ ዝም አለች።

እናቴ መቀመጥ አትችልም። ሌሊት አሥር ሰዓት ትነሣና የተጠረገውን ቤት ትጠርጋለች። የእኔ ቤት ደግሞ ምን ሥራ አለው? ውኃው ከቧንቧ ይወርዳል፣ ዱቄቱ ተፈጭቶ ይመጣል። ማታ ማታ «አረፍ በይ እንጂ እማ» እላታለሁ፤ «ከምኑ ነው የማርፈው?» ትለኛለች። ሲከፋት በአዊኛ ታጉረመርማለች። እኔ አዊኛ የምሰማው ከአሥሩ ሦስቱን ነው። ስሜ ሲነሣ ግን እሰማለሁ፤ ሰሞኑን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይነሣ ነበር።

ነገሩን ያመጣው ምድጃዬ ነው። ባለ ሁለት ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ ነበልባል የለው፣ ጭስ የለው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እሳትን የምታውቀው ሲንቦገቦግ አይታ፣ ሲጨስ አሽትታ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ማጀት ገብታ ስታልፍ መደገፊያ መስሏት እጇን ጣል አደረገችበት። ሁለት ጣቶቿ ወዲያው ውኃ ቋጠሩ። እኔ ስደነግጥ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰስኩላት አብሬ ጮህኩባት። «ከዛሬ ጀምሮ ማጀት እንዳትገቢ» አልኳት። ያን ቀን በአዊኛም አላጉረመረመችም።

ማታ እራት በልተን እንደጨረስን፣ «የወንድምሽ በርበሬ ለቀማ ደርሷል» አለችኝ። «ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ አብሬው አገሬ እገባለሁ።»

«ዓይንሽስ?»

«አንዱ ይበቃኛል። ያንቺ ምድጃ ሁለት ዓይን ኖሮት ምን አየ?»

ልስቅ ብዬ ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። እናቴን አውቃታለሁ፤ አንዴ አገሯ ከገባች ለሁለተኛው ዓይን ብላ አትመለስም። በርበሬው ይደርሳል፣ ከዚያ በቆሎው፣ ከዚያ የላሟ መውለድ፣ ከዚያ ጾሙ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ ያስጨነቀኝ ዓይኗ ብቻ አልነበረም። ልጄ ለትምህርት ባሕር ዳር ከሄደች ወዲህ ይህ ቤት ከእኔ ድምፅ በቀር ድምፅ አይሰማበትም። ሰው ደግሞ ብቻውን ሲሆን ማን ላይ ይቆጣል? ከትምህርት ቤት ስመለስ በር የሚከፍትልኝ ሰው ለምጄ ነበር፤ እንድትሄድብኝ አልፈለግኩም።

ሐሳቡ የመጣልኝ በማግስቱ ማክሰኞ ፈተና ሳርም ነው። ለምድጃው የእንጨት ክዳን እሠራለታለሁ። እኔ ወደ ሥራ ስሄድ ምድጃው ላይ እደፋበታለሁ፤ እናቴ እንደ ልቧ ማጀት ትገባለች፣ ላዩ ላይ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ጣቷም ይተርፋል። የምትሄድበትም ምክንያት ይጠፋል። እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን ከሰዓት ነበረኝ። ከዚህ በፊት በሦስት ቀን የጨረስኩት ነገር አልነበረም።

ሳልነካው ያስቀመጥኩት የዋንዛ ጣውላ ነበረኝ፤ እናቴ ደጅ ንፋስ ከጣለው ዋንዛ ወንድሜ አስፈልጦ ያመጣልኝ ነው። እንዳላበላሸው ብዬ ስሳሳለት ነበር፤ አሁን ግን ምን ልጠብቅ? ምድጃውን ሦስት ጊዜ ለካሁት። ሦስት ቁራጭ ጣውላ አስተካክዬ፣ በኮላ አጣበቅኩና ጠፍንጎ የሚይዝልኝ መሣሪያ ስለሌለኝ በገመድ አስሬ የበቆሎ ኩንታል ጫንኩበት። ኩንታሉን ወርክሾፕ ለማድረስ ያየሁት ፍዳ ከአናጺነቱ ይበልጣል።

እናቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ታዳምጠኛለች። «ምንድን ነው የምትሠሪው?» ትለኛለች፤ «ስጨርስ ታዪዋለሽ» እላታለሁ። ረቡዕ ዕለት መጋዙ እየተያዘ አስቸገረኝና መራገም ጀመርኩ።

«መጋዝሽ ደርቋል» አለች ከተቀመጠችበት። «ሻማ ቀቢው።»

አልሰማሁም መስዬ ትንሽ ታገልኩ። ከዚያ ቀስ ብዬ ሻማ አመጣሁና ቀባሁት። መጋዙ ቅቤ እንደሚቆርጥ ቢላ ሄደ። እኔም አላመሰገንኳትም።

ክዳኑ በዙሪያው ከንፈር፣ ከታች ምድጃውን እንዳይነካ አራት ጣት የሚያህሉ አራት እግሮች፣ በሁለቱ ጎን መያዣ አለው። ማዕዘኖቹ አልገጥም ሲሉኝ ክፍተቱን በኮላና በሰጋቱራ ሞላሁት፤ ከሩቅ አይታወቅም። አንድ ነገር ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም። ጣውላውን ሳላሳሳ ወፍራሙን እንዳለ የተውኩት ሆን ብዬ ነው። እናቴ ማንሣት እንዳትችል ነው።

ሐሙስ ማታ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ምድጃው ላይ ደፋሁትና ጠራኋት። ከሦስት ቀን በኋላ ማጀት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ባልተቃጠለው እጇ ዳበሰችው፣ በጣቷ አንኳኳችው፣ ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

«የደጃችን ዋንዛ ነው» አለች። «ለኔ ነው?»

«ላንቺ ነው» አልኳት። ግማሹ እውነት ነበር።

«እጅሽ ይለምልም፤ ከክፉ ይሰውርሽ፤ የልጅሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ» ብላ መረቀችኝ። ምርቃቱ ረዘም አለ። እኔም ያለ ኀፍረት አሜን አሜን እያልኩ ተቀበልኩት። ስለ መሄድ ያን ማታ አላነሣችም።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከአጥሩ በር የጎመን ዘር ጭስ አፍንጫዬን መታኝ። የሸክላ ምጣድ የሚያሟሽ ጎረቤት አለ ብዬ ማን ይሆን ስል፣ ጭሱ የሚወጣው ከእኔ ማጀት ነው። በሩጫ ገባሁ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ በጨርቅ ቋጠሮ የተደቆሰ ጎመን ዘር ይዛ ክዳኔን ላብ እስኪያጠምቃት ታሸዋለች። ሥሩ ያለው ምድጃ የሁለቱም ዓይኑ ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ዞሯል። የዋንዛው ሆድ ይጨሳል።

ለካ እኔ፣ ሚሊ ሜትር ስቆጥር የከረምኩት አስተማሪ፣ የምድጃውን ላይ እንጂ ፊቱን አልለካሁም። ማዞሪያዎቹ ከክዳኑ ውጭ ናቸው። እሷ ደግሞ ሳዞራቸው በድምፃቸው ለይታቸዋለች።

ማጥፋት እንዳለብኝ እስካስብ ድረስ ድርግም ብሎ መብራት ጠፋ። በዕድሜዬ መብራት ሲጠፋ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኩ።

«አሟሻለሁ» አለች፤ መጠየቄ ገርሟት። «አዲስ ዕቃ ሳይሟሽ ይሠራበታል እንዴ? ጎመን ዘሩን ከጎረቤት ለመንኩ። ጥሩ ይዞልኝ ነበር፤ መብራቱ ባይጠፋ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ሰው የሆነ ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን ደንግጬ ነበር፤ ስደነግጥ ደግሞ ምን እንደምሆን ተናግሬአለሁ።

«ይኼ እንጨት ነው እማ፤ እሳት ላይ አይጣድም። ክዳን ነው። የሠራሁት እንዳትነኪ ብዬ ነው።»

እጇ ጨርቁ ላይ ቆመ። «እንዳልነካ?»

ልመልሰው ፈለግኩ፤ የወጣ ቃል በምን ይመለሳል? እሷም ጨርቁን አጣጥፋ ክዳኑ ላይ አስቀመጠች፤ ነጠላዋን ከወገቧ ፈታችና ከማጀት ወጣች። ስወጣ አልጋዋ ላይ ልብሷን ትቋጥራለች። ማዞሪያዎቹን ዘግቼ ክዳኑን ወርክሾፕ ወስጄ ገለበጥኩት። ሥሩ ሁለት ጥቁር ክብ አውጥቷል። ላዩን ሳየው ግን፣ እኔ በቫርኒሽ ለሁለት ዓመት ስፈልገው የነበረው ወዝ እሷ ያሸችበት ላይ ወጥቷል፤ የእንጨቱ መስመር ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ላጥርባት የሠራሁትን ነገር ዕቃ ሰጠችኝ ብላ ስታቃና የዋለች ሴት ናት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወንድሜ ከገበያ ባጃጅ ይዞ መጣ። እናቴ ጫማዋን አድርጋ፣ ጥቅሏን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ ጋ ተቀምጣለች። እኔ ክዳኑን ተሸክሜ ከወርክሾፕ ወጣሁና ፊቷ አስቀመጥኩት። ከብዶብኝ በግማሽ ጣልኩት ማለት ይቻላል።

«ግማሹ አልሟሸም» አልኳት። «ሳትጨርሺው ነው የምትሄጂው?»

በእጇ ፈልጋ አገኘችው። ወዙ የቆመበትን ጠርዝ በጣቷ ተከተለችው።

«ለምን ነበር የሠራሽው?» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም።

«እንዳትነኪ ብዬ ነው፤ አልዋሽሽም» አልኳት። «ስትቃጠዪ ማየት አልችልም። ስትሄጂም ማየት አልችልም። ሁለቱንም በአንድ ጣውላ ልከድነው ብዬ ነው።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ተይ አልሽኝ» አለች። «አንድ ቀን እንዲህ ነው ብለሽ አሳይተሽኝ አታውቂም።»

ወንድሜን አየሁት፤ እሱም ጫማውን አየ። እኔ የሰው ልጅ ሁሉ እንዲገባው ሰባት ጊዜ ደጋግሜ የማስረዳ ሰው፣ ለእናቴ አንድ ማዞሪያ አላስረዳሁም። ጥቅሏን ከጭኗ አነሣሁና እጇን ይዤ ማጀት አስገባኋት። ሁለት ጣቶቿ ገና አልዳኑም። መብራቱ ሌሊት ተመልሶ ነበር፤ በደኅናው እጇ ማዞሪያውን አስያዝኳት።

«አንድ ጊዜ ቋ ካለ ለብ ያለ ነው። ሁለተኛው ወጥ ያፈላል። መጨረሻው የትናንትናው ነው፤ እሱን ተዪው። ቀይ መብራት አትፈልጊ፣ ቁጠሪ።»

ዓይኗን ጨፈነችና አዞረች። «ቋ» አለች ከማዞሪያው ጋር። «ይኼ ለብ ያለው ነው። ቋ። ይኼ ወጥ ነው።» ከዚያ እጇን ሳታስጠጋ ከፍ አድርጋ ሙቀቱን በመዳፏ ለካች፤ ይህን እኔም አላውቀውም ነበር፣ ከእሷ ተማርኩ።

ወንድሜ ከበሩ ብቅ አለና፣ «እማ፣ ባለባጃጁ ቸኩሏል፤ እንሂድ እንጂ» አለ።

«አንተ ሂድ» አለችው፣ ዞራ እንኳ ሳታየው። «እኔ ገና ማጥፋቱን አልያዝኩም።»

ማጥፋቱን ቀስ ብዬ ነው ያስተማርኳት።