በዩሪያ የቀዘቀዘ ውሃ

የቆላው ሙቀት ሰውን ቀስ ብሎ ነው የሚያቀልጠው። ከሸሕዲ ወደ ገለጉ በሚወስደው መንገድ፣ በክረምት፣ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ መሬቱ ይተነፍሳል። ማሽላው በእንፋሎት ውስጥ ይወዛወዛል፤ ራቅ ብሎ የሚሄድ ሰው ውሃ ላይ የሚራመድ ይመስላል። እኔ ማዳበሪያ ነጋዴ ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ቆሞ ማየት ሥራዬ አይደለም። ግን ትራክተር ጭቃ ሲውጠው ሌላ የሚሠራ የለም።

የዚያን ቀን የጫንኩት ዩሪያ ነበር፤ በላዩ ላይ ደግሞ ገለጉ ያለ ምግብ ቤት ያዘዘኝ አንድ ካርቶን አቼቶ። እርሻው ካምፕ ደጃፍ ስንደርስ የተሳቢው ጎማ ጥቁሩ አፈር ውስጥ ሰመጠ። ሹፌሩ ወርዶ አየና፣ “ሐጂ፣ እንግዲህ እስኪደርቅ ነው” አለኝ። መካ ሄጄ አላውቅም። እዚህ አገር ሱቅ ያለው ሙስሊም ሁሉ ሐጂ ነው።

የካምፑ ካቦ ዩሪያው የሚራገፍበትን መጋዘን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። በሩን ገርበብ ሲያደርገው ሽታው ደረሰኝና እጁን ይዤ ወደ ኋላ ሳብኩት። ዩሪያ ረጥቦ በተዘጋና በጋለ ቤት ውስጥ ሲከርም ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል፤ አሞኒያ ይሉታል። በሩን በርግደን፣ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ቆመን፣ እስኪወጣ ጠበቅን። ይህን ያወቅሁት አንድ ሥልጠና ላይ ነው። የሄድኩት ለምሳው ነበር። ምሳው የሚረባ ስላልነበረ ትምህርቱ ብቻ ቀረልኝ።

ከመጋዘኑ ጀርባ ሌላ ጉድ ነበር። ከወሎና ከጎጃም ለአረም የወረዱት የቀን ሠራተኞች ጉድጓድ ቆፍረው፣ ላስቲክ አንጥፈው፣ ውሃ ሞልተው ዩሪያ አሟሙተውበታል። ውስጡ የመጠጥ ውሃ ጀሪካኖች ክዳናቸው ጥርቅም ብሎ ተነክረዋል። አንዱ ወሎዬ ዩሪያ ሲበትን ውሎ፣ መዳፉ ላይ የተጣበቀውን በጣሳ ውሃ ውስጥ ሲያሟሟ ጣሳው በእጁ ላይ ቀዘቀዘበት። ከዚያ ወዲህ ካምፑ ፍሪጅ አለው።

“ይቅመሱ እስቲ፣ ሐጂ” አለኝ ወሎዬው፣ ከጀሪካኑ ቀድቶ።

ጥርሴን ጠዘጠዘኝ። በዚያ ሙቀት ውስጥ ያንን ውሃ መጠጣት የሌላ ሰው ኑሮ ለአፍታ እንደ መዋስ ነው። ሌላ ጣሳ ጠየቅሁ።

“ከጉድጓዱ የሚጠጣ የለም አይደል?”

“ምን ነካዎት፣ እብድ ነን?”

“ለእናንተ ብዬ አይደለም። ከብት ከጠጣው ይሞታል። እሾህ እጠሩበት።”

“ነገ እናጥረዋለን።”

“ዛሬስ?”

“ዛሬማ እንጠጣበታለን” አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ጣሳዬን ድጋሚ ዘረጋሁ።

ከብት ያልኩት ያለ ነገር አልነበረም። የካምፑ ወጥ ሠሪ ጎጃሜ ናት፤ አንዲት ቀይ ላም አለቻት። ስንት ክረምት ጭስ በልታ የገዛቻት ናት። በመስከረም እየነዳች አገሯ ልትገባ፣ ለእናቷ የተወቻቸውን ልጆቿን ወተት ልታጠጣ ነው ሐሳቧ። ላሚቱን የምታናግራት እንደ ጎረቤት ነው።

ዛፍ ሥር ጋደም አልኩ። በሕልሜ ጓንግ ወንዝ ውስጥ ቆሜ አየሁ። ውሃው እስከ ጉልበቴ፤ ዓሦቹ ደንበኞቼን ይመስላሉ፤ ድምፅ ሳያወጡ ዋጋ ይጠይቁኛል። ልመልስላቸው ስል ከሩቅ “ላሜ! ላሜ!” የሚል ሰማሁ። የዓሣ ድምፅ መስሎኝ ነበር።

ነቅቼ ሮጬ ስደርስ ላሚቱ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። አፏ አረፋ ይደፍቃል፤ ሆዷ ተነፍቷል። ወጥ ሠሪዋ የላሟን አንገት አቅፋ ወደ እኔ ዞረች።

“ሐጂ፣ ይህን የሚያመጡልን እርስዎ ነዎት። መድኃኒቱንም እርስዎ ይወቁት።”

ከዚያ ክፉ ምሳ በኋላ የሰማሁት ትዝ አለኝ። ዩሪያ ላም ሆድ ውስጥ ሲገባ ያው መጋዘኑ ውስጥ የሸተተን ጋዝ ይሆናል፤ የሚያበርደው ኮምጣጣ ነገርና ብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ኮምጣጣው ተሳቢው ላይ ነበር፤ ሹፌሩ የአቼቶውን ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ቀዝቃዛ ውሃ ግን በዚህ ቆላ ከየት ይመጣል? ሁላችንም ጉድጓዱን አየን።

ወሎዬው ሳይጠየቅ ጀሪካኖቹን አወጣ፤ ውጪያቸውን በበርሜል ውሃ አጠባቸው። የሙሉ ቀን የመጠጥ ውሃቸው ነበር። አንድም ሰው አላጉረመረመም። አቼቶውን እየቀላቀልን በጠርሙስ አጠጣናት።

“አፏን ወደ ላይ አታንሱት” አልኩ፣ “ሳንባዋ ይገባል።”

“እሺ ዶክተር” አለ ካቦው። ሐጂነቴን በዚያው ተነጠቅሁ።

ከዚያ ቆመን ጠበቅን። ማሽላው ይወዛወዛል፤ ጥላችን ይረዝማል፤ ሴትዮዋ በላሚቱ ጆሮ ሥር የሆነ ነገር ታንሾካሹክላታለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ላሚቱ አገሳች። እንደዚያ የሚያምር ግሳት ሰምቼ አላውቅም። መንቀጥቀጧ እየቀነሰ ሄደ፤ በመጨረሻም አንድ ሁለት እርምጃ ተራመደች።

“በቃ፣ ሰላጣ ሆናለች” አለ ወሎዬው። መጀመሪያ የሳቀችው ሴትዮዋ ናት፤ ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች።

የጉድጓዱን ውሃ በጣሳ እየቀዱ ሰፊው ማሽላ ላይ በተኑት፤ ጉድጓዱን ደፈኑት። ሴትዮዋ የማታውን ወተት ካለበች በኋላ፣ መርዝ ይኖርበታል ብላ መሬት ላይ ደፋችው። ጉሮሮዬ ደርቆ ስለነበር ከበርሜሉ ቀድታ ሰጠችኝ። ለብ ያለ ነበር፤ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ጨርሼ ጠጣሁት።

በመስከረም ሸሕዲ ሱቄ ደጃፍ ቆሜ፣ በአስፋልቱ እንፋሎት ውስጥ አንዲት ሴትና አንዲት ቀይ ላም እየተንሳፈፉ ሲመጡ አየሁ። አጠገቤ ሲደርሱ ነው እግራቸው መሬት የነካው።

“ሐጂ፣ አቼቶ አለ?”

“መንገድ ላይ ሰላጣ ልትበዪ ነው?”

“ለእሷ ነው። መንገዱ ሩቅ ነው” አለች፤ ጠርሙሱን ነጠላዋ ውስጥ ቋጥራ ላሟን ወደ ደጋው ነዳች።