የዐረብኛው ኪቦርድ ማባዣ

ባለፈው ዓርብ ሱወይዲ ሰፈር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ስትለማመድ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ኮምፒውተሩ ስሕተት አግኝቶ "ጢጥ" ሲል ፊቴ ጋለ።

ያ ድምፅ ያሳፈረኝ ጊዜ ዐሥር ዓመቴ ነበር። እዚሁ ሪያድ፣ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ፣ ቁጥር የሚያባዛ ፕሮግራሜን ለወላጆች ላሳይ ቆሜያለሁ። መምህራችን ለማባዛት * እንደሚጻፍ ባስተማሩ ዕለት አሞኝ ቀርቼ ነበር። እኔ የጻፍኩት በደብተር የማውቀውን × ነው፤ የዐረብኛው ኪቦርድ ላይ ተቀርጾ አግኝቼው ደስ ብሎኝ ነበር። ፕሮግራሙን ሳስነሣው ጢጥ አለ። ደገምኩት፤ ያው ነው።

"ያላ፣ ቀጣዩ ይምጣ" አለ ከኋላ አንድ ሰው። ተሳቀ። አንዲት ሴት "የማን ልጅ ናት?" ብላ ጠየቀች። አባቴ ዝም እንዲል በልቤ ለመንኩ። እሱ ግን ከነሥራ ልብሱ ብድግ አለ።

"የኔ ናት፣ እህቴ።"

መንሱራ ወዳለው ሰፈራችን ስንመለስ መኪና ውስጥ ያስረዳኝ ጀመር። "ምልክቱን የመረጡት ሰዎች ኪቦርድ ላይ × አልነበረም። ኤክስን እንዳይወስዱ ፊደል ነው። የተረፈችው ኮከቧ ናት። ያንቺ ኪቦርድ ትዝ አላላቸውም፤ እኛ መቼም ለማን ትዝ እንላለን?"

የመጨረሻው አልገባኝም። መስኮቱን እያየሁ "አባዬ፣ ለምን ተነሣህ?" አልኩት።

"ታዲያ ማን ይነሣልሽ?" አለኝ።

"ምን አጠፋሁ?" አለችኝ የአክስቴ ልጅ፣ ጢጥ ያለውን ኮምፒውተር እያየች። እሷም × ጽፋ ነበር።

"ምንም" ብዬ ኮከቧን አሳየኋት። አባቴን ግን ያን ቀን ስለ ተነሣልኝ እስከ ዛሬ አላመሰገንኩትም።