ወፍጮውን ያስቆሙት መምህር

መምህር ፈንታ ማረፋቸውን የሰማሁት ባለፈው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነው። ሕመማቸው ረጅም ስለነበር ዱብ ዕዳ አልሆነብኝም፤ ቢሆንም መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። በትውልድ ቀያቸው በደሃና ተቀብረዋል። ሰቆጣ ያላችሁም፣ ከሰቆጣ ወጥታችሁ በየሀገሩ የተበተናችሁም፣ ከእርሳቸው መተየብ የተማራችሁ ሁሉ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

እኔ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ነበርኩ። ጠባዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሰው ማድነቅ አይሆንልኝም። መምህር ፈንታን ግን ጎን ለጎን በሠራንባቸው ዓመታት ሁሉ ሳደንቃቸው ኖሬአለሁ። ከዚያ ሁሉ አንዱን ቀን ልንገራችሁ።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ዓመት ግድም ሲቀረው ነው። ትምህርት ቤቱ በእርዳታ ካገኛቸው አራት ኮምፒውተሮች የምትሠራው አንዷ ብቻ ነበረች። እርሷም ዊንዶው ዘጠና ስምንት የተጫነባት፣ ለመነሳት እንኳ ብዙ የምታቃስት አሮጊት ነበረች። መምህር አዲሱን ዊንዶው በሲዲ ከደሴ አስመጡ። «የምትሠራን ነገር ምን አስነካዎት?» አልኳቸው።

«ልጆቼ ነገ ወልድያና ባሕር ዳር ሲሄዱ የሚያገኙት አዲሱን ነው። በአሮጌው አስተምሬ ልሸኛቸው?» አሉኝ።

የሞቱትን ሦስቱን ፈትተው፣ አቧራቸውን በጥርስ ብሩሽ ጠርገው፣ ሜሞሪያቸውን እየነቀሉ ለአሮጊቷ ጨመሩላት። ዲስካቸው ግን አንዱም አልተረፈም። ስለዚህ አዲሱን ለመጫን በአሮጊቷ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ መጥፋት ነበረበት። በውስጧ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ብቻ አልነበረም፤ የከተማው ማመልከቻ፣ የሰርግ ጥሪ፣ የእድር ደንብ ሁሉ የሚተየበው በእርሷ ነበር። መምህር በገበያ ቀን አስነገሩ፤ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ያስጻፈ ሁሉ ሳትጸዳ ይምጣ ተባለ። ሰው ይስቅብናል ብዬ ተከራከርኩ። «አደራ ያለበት ቤት ሳያስነግሩ አይፈርስም» አሉ።

ማንም አልሳቀም፤ ይልቁንም ሰው ጎረፈ። በኮምፒውተሯ ውስጥ ያለው ከጠፋ፣ ማኅተም አርፎበት በእጃቸው ያለው ወረቀትም የሚሻር መስሏቸው ነበር። የወፍጮው ባለቤት አቶ ሰይድ እንኳ፣ ያን ያህል ሀገር ያዩ ነጋዴ፣ የቦታ ማመልከቻቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው መጡ። «መምህር፣ እሷ ከረሳችኝ ጽሕፈት ቤቱም ይረሳኛል» አሉ። እኔ አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ። መምህር ግን ለእያንዳንዱ ሰው ጽሑፉን ስክሪኑ ላይ ከፍተው አሳዩት፤ ፍሎፒ ላይ ገልብጠው ፍሎፒውን በእጁ አስያዙት። ሰው እፎይ እያለ ይወጣ ነበር።

በመጨረሻ የመጡት አያ ካሳ ናቸው፤ ከጋዝጊብላ በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ ገበሬ። ልጃቸው ስንዱ የመምህር ተማሪ ነበረች፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ታማ ሞተች። «ፎቶ የላትም። ልብሷንም ለድኻ ሰጠን። እዚህ ሳጥን ውስጥ የጻፈችው አለ ይላሉ» አሉ።

የነበራት አንድ የትየባ መልመጃ ነው። የተማሪዎቹ መልመጃ በቁጥር ብቻ ስለተቀመጠ የማን የት እንዳለ አይታወቅም፤ ፍሎፒም እያለቀብን ነበር። «የመልመጃ ገጽ ነው፤ ይለፈው» ብዬ በመምህር ጆሮ ሹክ አልኩ። ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ስክሪኑ ተመለሱ። ሁለት ቀን ሙሉ መልመጃውን አንድ በአንድ እየከፈቱ ፈለጉ፤ አገኙትም። አንዱ ፍሎፒ ቢከዳ ብለው በሁለት ላይ ገለበጡት።

የመጫኛው ቀን ደረሰ። ወፍጮው ሲነሳ የከተማው መብራት ይዳከም ነበር፤ መሐል ላይ ከጠፋ ደግሞ ሁሉም እንደገና ነው። መምህር አቶ ሰይድን ለመኑ፤ አቶ ሰይድም ወፍጮውን እስከ እኩለ ቀን አቆሙ። እህል ያስቀመጡት ሴቶች «ዱቄታችንን ያስቆመውን ጉድ እንየው» እያሉ ወደ እኛ መጡ። ስክሪኑ ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ቀረ ብሎ ከአንድ ሰዓት በላይ እዚያው ቆመ። «ይቺስ እንደ ባሌ ናት፤ መጣሁ ብሎ ነው የሚቀረው» አለች አንዷ። መምህር ከወንበራቸው አልተነሱም፤ ውኃ እንኳ አልጠጡም።

ድንገት ስክሪኑ በራ። አረንጓዴ ኮረብታ፣ ከላዩ ሰማያዊ ሰማይ፣ ነጭ ደመና። «የመስከረም ደሃና ነው» አለች ያችው ሴት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሬሳ ካልናቸው ዕቃዎች የለቀመው እጅ ይህን ሲያደርግ ማየት ከአእምሮዬ በላይ ሆነብኝ።

በዚያ ቀን ገጹን ሊወስዱ የተመለሱት አያ ካሳ ግን ለኮረብታው አልመጡም። መምህር የስንዱን ገጽ ከፈቱ። የወጣው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ነገር ነው። አያ ካሳ ማንበብ ባይችሉም የእኛ ፊደል አለመሆኑን ለዩ። «ይህ የልጄ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። አሮጌው ጠፍቷል፤ የሚመለሱበት የለም።

«ቃሉ አለ፤ ልብሱን ነው ያወለቀው» አሉ መምህር። የአማርኛው ፊደል በአዲሱ ላይ ገና አልተጫነም ነበር። ፊደሉ ያለበትን ፍሎፒ ከተቱ፤ ማሽኑ አንቋረረና አላነብም አለ። አወጡት፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው መለሱት። አሁንም እንቢ። በሦስተኛው ገባ። ገጹን እንደገና ሲከፍቱት ፊደላችን ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ወጣ።

መምህር ቆመው አነበቡ፦ «ስሜ ስንዱ ካሳ ነው። ቤታችን ከጅረቱ ማዶ ነው። አባቴ ከገበያ ሲመጣ ከሩቅ ይጣራል። ከሁሉ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ።»

ከዚያ በአያ ካሳ አፍ መፍቻ፣ በኽምጣኛ ደገሙላቸው። እኔ ቋንቋውን አልሰማም፤ የአያ ካሳን ፊት ግን አየሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አያ ካሳ ወዲያው የታተመላቸውን ገጽ ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩት፤ የመምህርንም እጅ ሊስሙ ሲጎነበሱ መምህር ቀድመው ጉልበታቸውን ሳሙ።

በቀብሩ ዕለት አያ ካሳ በምርኩዝ፣ በሰው ተደግፈው መጥተው ነበር። አለቀሱና ወደ እኔ ዞረው «የሳቸውስ ጽሑፍ አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

መምህር፣ ከቀብርዎ ተመልሼ ወረቀትዎን ሁሉ አገላበጥኩ። የሰው ማመልከቻ፣ የተማሪ ውጤት፣ የሌላው ሁሉ ነገር በደህና ተቀምጧል። ስለ ራስዎ የጻፉት አንድ መስመር እንኳ አላገኘሁም። ይለፈው ማለትን ከእኔ አፍ ሰምተው የናቁት እርስዎ፣ በራስዎ ላይ ግን እንዲያልፍ ፈቀዱ። እኔ አልፈቀድኩም፤ ይህን ጻፍኩ። ጋዝጊብላ ወርጄ ለአያ ካሳ አነብላቸዋለሁ፤ በኽምጣኛ የሚደግምልኝ ሰውም አግኝቻለሁ። ደህና ይሁኑ፣ መምህሬ።