ሒሳብ በአገልግል

ባለፈው ሳምንት ሒሳብ የምትሠራልን ልጅ ጥቁር ቦርሳዋን አንግታ ከምግብ ቤታችን በር ስትደርስ፣ እጄ እኔን ሳያማክር የለስላሳውን ሣጥን በመጋረጃ ሸፈነው። ልጄ አየችኝና ሳቀች። ለእኛው የምትሠራ ሰው መሆኗን አስታወሰችኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እንዲህ ያለውን እጅ የወረስኩት ከአክስቴ ከእትዬ ብርቄ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ እኔ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ኮሶዬ ላይ አብረን ምግብ ቤት እንሠራ ነበር፤ ባለቤቷ እሷ፣ ወጥ ሠሪዋ እኔ። ኮሶዬ ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሳይጠሩት ቤት የሚገባበት አገር ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣ ሾፌር ከእኛ ትኩስ ጥብስ ሳይቀምስ አያልፍም። ክረምት ሲሆንማ ምድጃው ዳር ቦታ ለማግኘት ይጋፉ ነበር።

ግብሩ ግን በግምት ነበር። ገማቾቹ ሁልጊዜ ቤቱ ጢም ባለበት ቀን ይመጣሉ፤ ከዚያ የሚደርሰን ወረቀት እትዬን አልጋ ላይ ይጥላታል። ሒሳቡን በባለሙያ አሠርቶ ያቀረበ በሒሳቡ ይከፍላል ሲባል ስሰማ ጎንደር ወርጄ አቶ ደሳለኝን ለመንኳቸው። ጡረታ ወጥተው የፒያሳ ባለሱቆችን ሒሳብ የሚሠሩ፣ ንግግር እንኳ የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። በየወሩ በአውቶቡስ ሊመጡልን ተስማሙ።

አቶ ደሳለኝ የሚመጡበት ቀን ሲደርስ እትዬ የተቀደደ ቀሚሷን ትለብሳለች። የበጉ ሥጋ ጎረቤት ያድራል። ሾፌሮቹ በጓሮ በኩል ዞረው፣ ከገብሱ ማሳ ጥግ ቆመው ይበላሉ። እኔ ደግሞ ሳህን ተሸክሜ በጭጋግ ውስጥ እሮጣለሁ። ምነው እትዬ፣ እኛው ያመጣናቸው ሰው አይደሉም ወይ ብላት፣ መልሷ አንድ ነበር፦

"ቦርሳ ይዘዋል።"

እውነትም በዕድሜዋ ቦርሳ ይዞ ደጇ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳይወስድ ሄዶ አያውቅም።

አቶ ደሳለኝ በባዶው ቤት ተቀምጠው ቀጭን ሽሮ ይበላሉ፤ የተነገራቸውን ይጽፋሉ። አንድ ቀን፣ ይህ ሁሉ መኪና ምን ሊያደርግ እዚህ እንደሚቆም ጠየቋት። እትዬ ብርዱ ነው አለቻቸው፤ ኮሶዬ ላይ ሲደርስ ሁሉም ሽንቱ ይመጣበታል። አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሐቀኛ ስለነበሩ ያዩትን ጻፉ። ዓመቱ ሲያልቅ ያቀረቡት ሒሳብ ይህ ቤት ባለቤቱን እንኳ አያበላም የሚል ሆነ። እትዬ ደስ አላት፤ ለአቶ ደሳለኝም ሽሮው ላይ ቅቤ ጣል አደረገችላቸው። ደስታው ግን አልቆየም። የአካባቢው ኮሚቴ፣ መንገድ ዳር ያለ ቤት እንዲህ ከሚከስር የኅብረት ሱቅ ቢሆን ይሻላል፣ ቅዳሜ መጥተን አይተን እንወስናለን የሚል መልእክት ላከ። በዚያ ዘመን አንዴ የተወሰነ ነገር አይመለስም። ባሏ ከሞተ በኋላ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየጫነች የሠራችው ቤት ነበር። እትዬ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች፤ እኔ አለቀስኩ።

ጎንደር ወርጄ ለአቶ ደሳለኝ ነገርኳቸው። አብረውኝ መጡ። እትዬ ገና ከሩቅ ስታያቸው፣

"አያ ደሳለኝ፣ ቤቴን አስወሰዱብኝ" አለች። "የእኔ ቤት እኮ ሙሉ ነው!"

"ታዲያ ለእኔ ምነው ባዶውን አሳዩኝ? እኔ እኮ የርስዎ ሰው ነኝ።"

"የእኔ ሰው ከሆኑ ምነው ቦርሳ ያዙ?"

አቶ ደሳለኝ ቦርሳቸውን አዩት። ከዚያ ወጥተው ጎረቤት ቤት አስቀምጠውት ተመለሱ። ያን ዕለት እትዬ ሁሉን አሳየቻቸው፤ በጉን፣ ጓሮውን፣ ገብሱ ጥግ የቆሙትን ሾፌሮች። ጥብስም ቀረበላቸው። አንዴ ጎረሱና ቀስ ብለው፣ "ይህ ሁሉ ወር ሽሮ ስበላ ይህ እዚህ ነበር?" አሉ። ከሒሳቡ ይልቅ ይህ የጎዳቸው መሰለኝ።

ቅዳሜ ኮሚቴው ሲመጣ ሾፌሮቹን ሁሉ በፊት በር አስገባን። አቶ ደሳለኝ ቆመው ያላየሁትን አልጻፍኩም፣ አሁን አይቻለሁ ብለው የታረመውን ሒሳብ ሰጡ። ሊቀ መንበሩ ሒሳቡን እያነበበ ጥብስ አስደገመ። ቤቱም ለእትዬ ቀረ። ግብሩ ከድሮው ግምት አንሶ ሲመጣ፣ እውነት ከግምት መርከሱን ማመን አቃታት። ከዚያ ወዲያ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለውን ተረት፣ ራሷ የፈጠረችው ይመስል፣ ለነጋዴ ሁሉ ታስተምር ጀመረች።

ቦርሳውን ግን ፈጽሞ አልታረቀችውም። ለአቶ ደሳለኝ በቆዳ የተለበጠ አገልግል ሰጠቻቸው፤ ይህን ሲይዙ ዘመድ ይመስሉኛል፣ ዘመድ ደግሞ አልዋሽም ብላ። ከዚያ በኋላ ሁሌም ከአውቶቡስ የሚወርዱት አገልግል አንጠልጥለው ነበር። ተሳፋሪው ምግብ ይወጣል ብሎ ሲጠብቅ የሚወጣው ደረሰኝ ነበር። ሲመለሱ ግን ደረሰኙን የሚያወዛ ጥብስ አይጠፋበትም።

እና ባለፈው ሳምንት እትዬን አስቤ መጋረጃውን ገለጥኩት። ለልጅቷ ሣጥኖቹን አሳየኋት፤ ፍሪጁን ከፈትኩላት፤ ጓሮ ወስጄ ለማንም ሳልናገር የገዛኋቸውን በጎችም አስቆጠርኳት። ልጄ ሳቋን አቆመች።

"እማዬ፣ ይህን ለእኔ እንኳ አልነገርሽኝም እኮ" አለችኝ።

"አንቺ ሒሳብ አትሠሪልኝም" አልኳት።