የገመዱ ሌላኛው ጫፍ

ወደ አውቶቡስ ፌርማታው በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የጉሎ ማሳ አለ። የማሳው ባለቤት እናቴን የሚሆኑ ሴት ናቸው። የሚለብሱት የወንድ ኮት ነው፤ እጅጌው ታጥፎም ጣቶቻቸውን ይሸፍናል።

የሚዘሩት ቋጠሮ ባለው ገመድ እየለኩ ነው፤ በየቋጠሮው ሥር አንድ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። አንድ ቀን፣ "ምነው ይህን ሁሉ መሬት በመካከሉ ባዶ ተዉት?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ጉሎ ሲጠጋጋ ለፀሐይ ይሻማና ወደ ላይ ይመዘዛል እንጂ አያፈራም። ራቅ ራቅ ሲል ነው ቅርንጫፍ አውጥቶ ዘለላው የሚበዛው" አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለሰው አይሆንም እንጂ" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ገመድ መወጠር የሁለት ሰው ሥራ ነው። እሳቸው ግን ከማሳው ማዶ ባለው ጫፍ ላይ ድንጋይ ይጭኑበታል። ተመልሰው የራሳቸውን ጫፍ ያነሱና "ያዝከው?" ብለው ይጣራሉ። ጥቂት ይጠብቃሉ። ጎንበስ የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ ገመዱ ከድንጋዩ ሥር ሾልኮ ወጣ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ስለነበር አላዩም። ገባ ብዬ ጫፉን አነሳሁላቸው።

"ያዝከው?" አሉ እንደ ልማዳቸው።

"ይዤዋለሁ፣ እማማ!"

ገመዱ ከእጃቸው ወደቀ። ዞር ሲሉ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ፤ እኔ መሆኔን ሲያዩ ጠፋ።

"ተባረክ ልጄ" አሉ ገመዱን እያነሱ፤ "ግን ድንጋዩን መልስልኝ። አንተ አውቶቡስህ ሲመጣ ትሄዳለህ።"